የሽንት መዘጋት በሚደልቡ ወንድ በጎችና ፍየሎች፦ ምልክቱ፣ መከላከያውና የማኮላሸት ውሳኔ

ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ ገበያ በግና ፍየል ማድለብ ለበርካታ የገጠርና የከተማ ቤተሰቦች አስተማማኝ የገቢ ምንጭ ነው። ሥራው በአብዛኛው 3 ወር ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ አርቢው ለግዥ፣ ለመኖና ለውኃ ያወጣውን ገንዘብ የሚመልሰው በመጨረሻዋ የገበያ ቀን ነው። በዚህ መካከል በወጉ ሲበላና ሲፋፋ የቆየ ወንድ እንስሳ በድንገት ማማጥ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ሞት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በጠጠር ሳቢያ የሚከሰት የሽንት መዘጋት ነው።

ይህ ጽሑፍ ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በምን ምልክት እንደሚታወቅ፣ ባለሙያ እስኪደርስ ምን መደረግ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ እንዲሁም ወንድ እንስሳትን ማኮላሸት ከችግሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ያብራራል።

የሽንት መዘጋት ምንድን ነው?

በእንስሳው ሽንት ውስጥ የሚገኙ ማዕድናት ከመጠን ሲያልፉና ሽንቱ ሲወፍር፣ ማዕድናቱ በሽንት ፊኛ ውስጥ እየተሰበሰቡ አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ነገር ወይም ጠጠር ይሠራሉ። ጠጠሩ ከፊኛው ወጥቶ በሽንት ቧንቧ ውስጥ ሲቀረቀር ሽንት መውጫ ያጣል። ኩላሊት ግን ሽንት ማመንጨቱን አያቆምም። ስለዚህ ፊኛው እየተወጠረ ይሄዳል፤ በሽንት ሊወገድ የሚገባው መርዛማ ነገርም በደም ውስጥ ይከማቻል።

ጠጠር በሴቶችም ሊፈጠር ይችላል። የሴቷ የሽንት ቧንቧ ግን አጭርና ሰፊ በመሆኑ ጠጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሽንት ጋር ይወጣል። የወንዱ ቧንቧ ረጅምና ጠባብ ከመሆኑም በላይ ጠጠር በቀላሉ የሚያዝባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው ብልቱ እንደ ኤስ ቅርጽ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከብልቱ ጫፍ ላይ እንደ ትል ቀጥኖ የሚወጣው ክፍል ሲሆን፣ በበግ ላይ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በበጎችና በፍየሎች ብዙውን ጊዜ ጠጠር የሚገኘው በዚሁ ቀጭን ጫፍ ውስጥ ነው።

ችግሩን የሚያመጣው ምንድን ነው?

ዋናው መንስኤ የመኖ አለመመጣጠን ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ከሚመገበው መኖ የሚያገኘው ካልሲየም ቢያንስ የፎስፈረሱን እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። የስንዴ ፉርሽካ ግን ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በ1 ኪሎ ግራም የስንዴ ፉርሽካ ውስጥ በግምት 10 ግራም ፎስፈረስ ሲኖር፣ ካልሲየሙ ከ2 ግራም አይበልጥም። እህልም ሆነ ፋጉሎ ከካልሲየም ይልቅ ፎስፈረስ የሚያመዝንባቸው መኖዎች ናቸው። በመሆኑም ቶሎ እንዲሰባ ተብሎ ፉርሽካና እህል ብቻ የሚሰጠው እንስሳ ሥጋ እየጨመረ ጠጠርም እያበጀ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የድርቆሽና የሣር ማነስ ነው። እንስሳው ረጅም ሣር ወይም ድርቆሽ ሲበላ ብዙ ያመሰኳል፤ ብዙ ምራቅም ያመነጫል። ትርፍ የሆነው ፎስፈረስ በምራቅ በኩል ወደ ሆድ ተመልሶ ከበጠጥ ጋር ይወገዳል። የደቀቀ መኖ ሲበዛ ግን ማመስኳት ይቀንሳል፤ ትርፉ ፎስፈረስም መውጫውን በሽንት በኩል ያደርጋል።

ሦስተኛው የውኃ እጥረት ነው። ጥቂት የሚጠጣ እንስሳ ሽንቱ ወፍራም ይሆናል። በደጋ አካባቢ በብርድ ወራት ጠዋት የሚቀርብ ቀዝቃዛ ውኃ ሳይጠጣ ሊቀር ይችላል። በቆላ ደግሞ በላብና በትንፋሽ የሚወጣው ውኃ ስለሚበዛ የሚቀርበው መጠን ላይበቃ ይችላል። የቆሸሸ ገንዳም እንስሳው ውኃውን እንዲሸሽ ያደርጋል።

አራተኛው ምክንያት ያለዕድሜ ማኮላሸት ሲሆን፣ ከዚህ በታች ራሱን ችሎ ይብራራል።

ምልክቶቹ

የሽንት መዘጋት በአብዛኛው በሚከተሉት ምልክቶች ይታወቃል፦

• እግሮቹን ዘርግቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ወይም ለጥጦ ደጋግሞ ማማጥ፤
• ጅራቱን ደጋግሞ ማወዛወዝ፣ ሲያምጥ መጮህ፣ ጥርሱን ማፋጨት፤
• ሽንቱ በጠብታ ብቻ መውጣት ወይም ጨርሶ መቅረት፣ አንዳንዴም ደም መቀላቀል፤
• በብልቱ መውጫ ዙሪያ ባለው ፀጉር ላይ ደረቅና አሸዋ የመሰለ ነገር መታየት፤
• ከመንጋው ተለይቶ መቆም፣ መኖ መተው፣ ሆዱን በኋላ እግሩ መምታት።

ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና እርዳታ ካልተገኘ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይከሰታል። የሽንት ቧንቧው ከተቀደደ ሽንት ከቆዳ ሥር ፈስሶ በሆዱ ታች፣ በብልቱ ዙሪያ እብጠት ይታያል። ፊኛው ከፈነዳ ደግሞ ሽንት ወደ ሆድ ዕቃ ይገባና ሆዱ ከሁለቱም ጎን እየተነፋ ይሄዳል። ፊኛው በፈነዳበት ሰዓት ውጥረቱና ሕመሙ ስለሚቀንስ እንስሳው የተሻለው ሊመስል ይችላል። ይህ ፋታ ብዙ አርቢዎችን ያዘናጋል፤ እንስሳው ግን የሚያመራው ወደ ሞት ነው። ሙሉ መዘጋት ከተከሰተ በኋላ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ፊኛ ሊፈነዳ ስለሚችል እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

ከሆድ ድርቀት ጋር መምታታቱ

የሚያምጥ እንስሳ ያየ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ሆድ ድርቀትን ነው። በዚህም ምክንያት ዘይት ማጠጣት፣ የሚያስቀምጥ ነገር መስጠት የተለመደ ነው። በበግና በፍየል ላይ ግን እውነተኛ የሆድ ድርቀት ከሽንት መዘጋት ይልቅ የሚያጋጥመው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ወንድ በግ ወይም ወንድ ፍየል ሲያምጥ ከታየ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሽንቱ እንደተዘጋ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል። በጠጥ እየጣለ የሚያምጥ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠናከራል።

ነገሩን ለማጣራት ቀላሉ መንገድ እንስሳውን ለብቻው በደረቅና ንጹሕ ወለል ላይ ማቆም ነው። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ወለሉ ካልረጠበ፣ ወይም ጠብታ ብቻ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቶቹ ግልጽ ከሆኑ ግን ይህንን ያህል እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም።

ባለሙያ እስኪደርስ መደረግ ያለበት

• እንስሳውን ከመንጋው ለይቶ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ማቆየት፤
• ፉርሽካ፣ እህልና ፋጉሎ ወዲያውኑ ማቆም፤
• መጨረሻ የሸናበትን ጊዜ፣ ሲመገብ የቆየውን መኖ፣ ተኮላሽቶ ከሆነ መቼና እንዴት እንደተኮላሸ ማስታወስ፤
• አንድ እንስሳ ከታመመ ሌሎቹም ያንኑ መኖ የበሉ ናቸውና የቀሩትን ወንዶች አሸናን መከታተል።

መደረግ የሌለበት

• ውኃ፣ ዘይት ወይም የጨው ውኃ በግድ ማጠጣት። መውጫው የተዘጋን ፊኛ ይበልጥ ከመሙላት በቀር አይጠቅምም፤
• ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ያለሐኪም ትእዛዝ መስጠት፤
• ሆዱን በኃይል መጫን ወይም ማሸት፤ የተወጠረ ፊኛ በቀላሉ ይፈነዳል፤
• ሽቦ፣ እንጨት ወይም ማንኛውንም ቀጭን ነገር በሽንት ቧንቧው ውስጥ ማስገባት፤
• እንስሳውን ሕመሙ ይለቀዋል በሚል ተስፋ በዚያው ሰዓት ማኮላሸት። ማኮላሸት የተቀረቀረ ጠጠር አያወጣም፤ በሕመም ላይ ሕመም ይጨምራል።

በክሊኒክ የሚሰጠው ሕክምና

የእንስሳት ሐኪሙ በቅድሚያ እንስሳውን መርምሮ የፊኛውን ሁኔታ ይለያል። ከዚያም የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ብልቱን በማውጣት ጫፉን ይመለከታል። ጠጠሩ ትል በመሰለው ጫፍ ውስጥ ከሆነ ያንን ክፍል ቆርጦ ማንሣት ሽንቱን ወዲያውኑ ሊለቀው ይችላል። ይህ ሥራ አጭር ሲሆን፣ እንስሳውን በአጠቃላይ ለርቢ ከመዋል አያግደውም።

ጠጠሩ ከዚያ በላይ ከተቀረቀረ የቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ለሽንት አዲስ መውጫ መክፈትን ወይም ፊኛውን በቱቦ ማስተንፈስን የሚጨምር በመሆኑ ተገቢ መሣሪያና ማደንዘዣ ባለበት ተቋም ብቻ መሠራት ይኖርበታል። በቢሾፍቱ እንደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል ያሉ ተቋማት ከፍተኛ ሕክምና የሚሰጥባቸው ናቸው።

አርቢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሽንቱ አንድ ጊዜ የተከፈተለት እንስሳ መኖው ካልተስተካከለ፣ አንዳንዴም ተስተካክሎ ሳለ፣ ዳግመኛ ሊዘጋበት ይችላል፤ በፊኛው ውስጥ የቀሩ ጠጠሮች ይኖራሉና። በመሆኑም ለገበያ የተዘጋጀ እንስሳ ከሆነ፣ የሕክምናው ወጪና የመዳን ዕድሉ ተመዛዝኖ ሐኪሙ ቶሎ እንዲታረድ ሊመክር ይችላል። ውሳኔው የሚጠቅመው ፊኛው ከመፈንዳቱ በፊት ከተወሰነ ነው። ሽንት በሰውነቱ ውስጥ የፈሰሰ እንስሳ ሥጋ ለምግብነት ላይበቃ ስለሚችል ያለ ሥጋ ምርመራ መበላት የለበትም። መድኃኒት የተሰጠው እንስሳም ለዚያ መድኃኒት የተወሰነው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ሊታረድ አይገባም።

መከላከያው በአርቢው እጅ ነው

የሽንት መዘጋትን ማከም ከባድ፣ መከላከል ግን ቀላል ነው።

መኖ፦ የዕለት መኖው መሠረት ድርቆሽ ወይም ሣር ይሁን። ፉርሽካና እህል በተጨማሪነት፣ ከጥቂት ተጀምሮ በ2 ሳምንት ገደማ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሊሰጥ ይገባል። እንደ አልፋልፋ፣ ትሪ ሉሰርንና ሰስባኒያ ያሉ የጥራጥሬ ዝርያ መኖዎች ካልሲየም ስለሚበዛባቸው ከፉርሽካ ጋር ሲሰጡ ሚዛኑን ያስተካክላሉ። ሆኖም አልፋልፋን ብቻ አብዝቶ መመገብ ሌላ ዓይነት፣ ከካልሲየም የሚሠራ ጠጠር ሊያመጣ ስለሚችል መደባለቁ ይመረጣል። በመኖ ባለሙያ ምክር ከተደባለቀው መኖ 1 በመቶ ገደማ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መጨመርም ይቻላል። ይህ ለግንባታ ከሚውለው ከተቃጠለ ኖራ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የተቃጠለው ኖራ የእንስሳውን አፍና ሆድ ያቃጥላል።

ውኃ፦ እንስሳው ለሚበላው ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ በአማካይ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል፤ በሞቃት አካባቢ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ውኃው ንጹሕና ቀኑን ሙሉ የማይታጣ ሊሆን ይገባል። በብርድ ወቅት ብርዱ በተሰበረለት ሰዓት ማቅረብ ወይም ለብ ማድረግ እንስሳው ብዙ እንዲጠጣ ያግዛል።

ጨው፦ አሞሌ ጨው እንዲልስ ማድረግ ወይም ከመኖው ጋር ጥቂት ጨው መቀላቀል የውኃ ፍላጎቱን ይጨምራል፤ ሽንቱንም ያቀጥናል። ይህ የሚሠራው ግን ውኃ እንደልብ ሲገኝ ብቻ ነው። ውኃ በሌለበት ጨው መጨመር ጉዳት አለው።

ሽንትን የሚያሟሙ ተጨማሪዎች፦ አሞኒየም ክሎራይድ የተባለው ጨው የሽንትን አሲድነት በመጨመር አንዳንድ ጠጠሮች እንዳይሠሩ ይከላከላል። አጠቃቀሙና መጠኑ በእንስሳት ሐኪም መወሰን አለበት። ከዩሪያም ሆነ ከሌላ ማዳበሪያ ጋር በምንም መንገድ መምታታት የለበትም። ማዳበሪያ የበላ እንስሳ ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

ማኮላሸት ይሻላል ወይስ አይሻልም?

ሙክት በበዓል ገበያ የሚፈለግ በመሆኑ ብዙ አርቢዎች ወንዶቹን በጊዜ ማኮላሸትን ይመርጣሉ። ውሳኔው ግን በሦስት ጥያቄዎች ሊመዘን ይገባል።

የመጀመሪያው፣ እንስሳው ለማን ይሸጣል? የሚለው ነው። የተኮላሸ እንስሳ ረጋ ያለ ይሆናል፤ ስብም በደንብ ይይዛል፤ ወጠጤ ፍየል ያለው ጠንካራ ሽታም ይቀንሳል። ያልተኮላሸው በአንጻሩ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሥጋውም ስብ የማይበዛበት ነው። ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚላከው ገበያም በአብዛኛው ወጣትና ያልተኮላሸ እንስሳ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ተደልቦ በልጅነቱ ለሚሸጥ ጠቦት ማኮላሸት ትርፍ ላያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ከመንጋው ውስጥ የትኛው ይኮላሽ? የሚለው ነው። ፈጥኖ ያደገውንና መልከ መልካሙን ጠቦት አኮላሽቶ መሸጥ፣ ደካማውን ለርቢ ማስቀረት ማለት ነው። ልማዱ ለዓመታት ሲደጋገም የመንጋው ዘር እየኮሰሰ ይሄዳል። በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ የበግ ዝርያዎች ላይ የተሠራው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻል ሥራ የተከተለው ተቃራኒውን ነው፦ በመጀመሪያ ምርጥ አውራዎች ለርቢ ይመረጣሉ፤ ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።

ሦስተኛው፣ በስንት ዕድሜው ይኮላሽ? የሚለው ነው። የሽንት ቧንቧና የብልት እድገት የሚመራው ከዘር ፍሬ በሚመነጨው የወንዴ ሆርሞን ነው። ጠቦቱ በጨቅላነቱ ከተኮላሸ ቧንቧው በሚገባ ሳይሰፋ ይቀራል፤ ትንሽ ጠጠር እንኳ ለመዝጋት ትበቃዋለች። በመሆኑም ለረጅም ጊዜ በእህልና በፉርሽካ የሚደልብ እንስሳ ቢያንስ 3 ወር፣ ቢቻል ከ4 እስከ 6 ወር እስኪሞላው መቆየቱ ይመከራል። መቆየቱም የራሱ ዋጋ አለው። ወንድ ፍየል ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜው ማስረገዝ ሊጀምር ስለሚችል እስከዚያው ከእናቱና ከእኅቶቹ መለየት አለበት። ዕድሜው ሲገፋ ሕመሙም ስለሚበረታ ማደንዘዣና ማስታገሻ መጠቀም ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት፣ በተገቢው ዕድሜ መኮላሸትም ቢሆን እንስሳውን ከሽንት መዘጋት አያድነውም። ያልተኮላሸ አውራም መኖው ካልተመጣጠነ ይዘጋበታል። ዕድሜን መጠበቅ አደጋውን ይቀንሳል፤ አደጋውን የሚከላከለው ግን መኖና ውኃው ነው።

የማኮላሸት ዘዴዎችና ጥንቃቄያቸው

በእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በስፋት የሚሠራበት ቡርዲዞ የተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ፍሬውን የያዘውን ጅማት ይጨፈልቃል። ሁለቱ ጅማቶች ለየብቻ፣ በተለያየ ከፍታ ላይ መጨፍለቅ አለባቸው። በአንድ መስመር ከተሠራ ወደ ከረጢቱ ቆዳ የሚሄደው ደም ተቋርጦ ቆዳው ሊሞት ይችላል። መሣሪያው ያለቦታው ካረፈ የሽንት ቧንቧን ጨፍልቆ ራሱ የሽንት መዘጋት ሊያስከትል ስለሚችል በሠለጠነ ሰው እንጂ በልምድ መሠራት የለበትም።

የቀዶ ዘዴ ቁስል ስለሚከፍት ንጽሕናን፣ ማደንዘዣንና ዝንብ የሚቀንስበትን ደረቅ ወቅት ይፈልጋል። የጎማ ቀለበት የሚታሰረው ገና በተወለዱ ጠቦቶች ላይ በመሆኑ ከላይ ከተገለጸው የዕድሜ ምክር ጋር አይጣጣምም። ሁለቱም ዘዴዎች ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊያጋልጡ ስለሚችሉ ሐኪሙን ስለ ክትባት መጠየቅ ተገቢ ነው። በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥ ግን ከፍተኛ ሥቃይና ጉዳት ስለሚያደርስ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

በቡርዲዞ ከተኮላሸ በኋላ ለጥቂት ቀናት እብጠት መታየቱ የሚጠበቅ ነው። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ከሸተተ፣ እንስሳው መብላት ካቆመ ወይም በመጀመሪያው ቀን ሽንት ካልሸና ወደ ክሊኒክ መመለስ ያስፈልጋል። የዘር ፍሬዎቹ ከስመው እስኪጠፉ ሳምንታት የሚፈጅ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ እንስሳው አሁንም ሊያስረግዝ ስለሚችል ከሴቶች ይለይ። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ በእጅ ዳስሶ መክሰማቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የማኮላሸትም ሆነ የሕክምና አገልግሎት በቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ፣ በወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክና ፈቃድ ባላቸው የግል ክሊኒኮች ይሰጣል። ኬላው ሊያክም የማይችለው ሕመም ሲያጋጥም ወደ ወረዳ ክሊኒክ ወይም ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይመራል። አርቢው ለሐኪሙ የሚከተሉትን ቢያቀርብ ምርመራው ይፈጥናል፦

• የእንስሳው ዕድሜና ማድለብ የተጀመረበት ጊዜ፤
• የዕለት መኖው ዓይነትና መጠን፣ ውኃ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ፤
• የተኮላሸበት ጊዜና ዘዴ፤
• ምልክቱ የታየበት ሰዓትና መጨረሻ የሸናበት ጊዜ፤
• እስካሁን የተሰጠው ማንኛውም መድኃኒት ወይም ባህላዊ ሕክምና።

መድኃኒት የሚገዛው ፈቃድ ካለው የእንስሳት መድኃኒት መደብርና በሐኪም ማዘዣ ብቻ ሊሆን ይገባል።

የሚደልብ ወንድ እንስሳ ያለው ቤተሰብ በየጠዋቱና በየማታው መኖ ሲያቀርብ ከሚያደርገው ቁጥጥር ጋር አንድ ነገር ቢጨምር ብዙ ኪሳራ ይቀራል፦ እያንዳንዱ ወንድ ሲሸና ማየት። በወፍራም መስመር፣ ሳያምጥ የሚሸና እንስሳ ደኅና ነው። በጠብታ የሚሸና ከታየ ግን የዚያኑ ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።